ጠመኔውን ያለፈው እጅ

ሙላው የሞተው ዕድሜውን ሙሉ በእጁ ባዞረው የመጋዝ ጥርስ ማጋደሚያ ማሽን እግር ሥር ነው። ዋይት ሴንተር በሚባለው ሰፈር ባለችው ጠባብ ወርክሾፑ ውስጥ፣ ጭንቅላቱን የብረት ጠረጴዛ ጠርዝ መትቶት፣ በጀርባው ተዘርሮ ተገኘ። ያገኘው ሠራተኛው ናኦድ ነበር፤ የተያዘውም እሱው ሆነ።

የናኦድ እናት ዘቢብ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ልጄ አልገደለም» ብትል የሚሰማት አጣች። አንዱ ፖሊስ ወደ ሌላው ይመራታል፤ ሌላው ነገ ነይ ይላታል። መርማሪ ሰምሃል ሁሉንም ወርክሾፑ ውስጥ ስትሰበስብ፣ ዘቢብ ቦርሳዋን ጨምቃ ከልጇ ጎን ቆመች።

በናኦድ ላይ የከበደው የልዕልት ቃል ነው። ልዕልት ከግድግዳው ወዲያ ልብስ ትሰፋለች። የሙላው ማሽን ቀጭ ቀጭ ማለቱን ሲያቆም፣ አረፈ ብላ ሻይ ይዛለት ትገባለች። የዚያን ቀን ደንበኛ እየለካች ሳለ ናኦድ ከቢከን ሂል ሰፈር ተመልሶ መኪናውን ፓርክ ሲያደርግ እሷና ደንበኛዋ በመስኮት አይተውታል። ማሽኑ ያኔ ይሠራ ነበር። ልጁ ወደ በሩ ሲሄድ ድምፁ ቆመ፤ ወዲያው የናኦድን ጩኸት ሰሙ። ጠዋት ደግሞ ናኦድ ሥራ ልልቀቅ ብሎ ከሙላው ጋር ተጨቃጭቋል።

የሙላው ሸሪክ መስፍን ጥግ ላይ ቆሟል። ደንበኛ ያመጣል እንጂ ማሽን ነክቶ አያውቅም። ሰምሃል በዚያው ምሽት ቡሪየን ሰፈር ካለው ቤቱ ሄዳ ስታናግረው፣ ጠዋት ከወጣ ወዲህ የሙላውን ድምፅ እንኳ እንዳልሰማ ነግሯት ነበር። «ምስኪን፣ ከዚያ ሰፊ የመጋዝ ምላጭ ጋር ሲታገል ሞተ» ብሎም አዝኗል።

ሰምሃል እስካሁን ማሽኑ ላይ ወዳለው የመጋዝ ምላጭ ጎንበስ አለች። ምላጩ ጫፍና ጫፉ ተበይዶ ቀለበት ሆኗል።

«ናኦድ፣ ይሄ የጠመኔ ምልክት ምንድን ነው?»

«ብየዳው ያለበት ነው። ከዚያ ጀምረን፣ ዞሮ እዚያው ሲደርስ እናቆማለን። መዘውሩ አንዱን ጥርስ ወደ ግራ፣ ቀጣዩን ወደ ቀኝ ያጋድማል። የዚህ ጥርሶች ቁጥራቸው ጎዶሎ ነው፤ ምልክቱ ከታለፈ ወደ ግራ ያጋደለው ወደ ቀኝ ይታጠፋል። የጥርሱ ሥር ይሰነጠቃል።»

«ጋሽ ሙላው ያልፉት ነበር?»

«ጋሽ ሙላው? ተኝተው እንኳ አያልፉትም።»

የዘቢብ ትዕግሥት አለቀ። «ልጄ፣ የመጋዝ ትምህርት ልትሰጪን ነው የጠራሽን? ልጄን ልቀቂልኝ።»

«እትዬ ዘቢብ፣ የሚያስለቅቀው ይሄው መጋዝ ነው።» ጣቷን በጥርሶቹ ላይ አሳለፈች። «ከምልክቱ ወዲህ እስከ ግማሹ ተሰነጣጥቋል፤ ምልክቱ ታልፏል ማለት ነው። ሶ፣ ልዕልት ስትሰማው የነበረው ጋሽ ሙላውን አይደለም፤ እሳቸው ያኔ ሞተዋል። ናኦድም መኪና ውስጥ ነበር። ሲያዞር የነበረው ሥራውን የማያውቅ ሰው ነው። ድምፁ ከቆመ ልዕልት ሻይ ይዛ እንደምትመጣ ግን ያውቃል። ናኦድ እስኪመለስ አዞረ፣ ወደ በሩ ሲመጣ አይቶ በጓሮ ወጣ። ጥፋቱ ቀድሞ በገባው ላይ እንዲወድቅ።»

ወደ መስፍን ዞረች። «ናኦድ፣ ምላጩ መቼ መጣ?»

«ከምሳ በኋላ። ማሽኑ ላይ አስሬው ወጣሁ።»

«ጋሽ መስፍን፣ ጠዋት የወጡት እርስዎ ምላጩ ሰፊ መሆኑን በምን አወቁ? ወርክሾፑ ታሽጎ ነበር፤ ናኦድ እኛ ጋ ነበር።»

መስፍን ወደ ማሽኑ ዞረ። እንደ ደከመ ሰው ተናገረ። «በኤሌክትሪክ የሚሠራ እንግዛ ብዬ ስንት ዓመት ለመንኩት። ይሄን አሮጌ አቅፎ እንቢ አለ። ገፋሁት እንጂ ልገድለው አልነበረም።»

«ልጄንስ?» አለች ዘቢብ። «እሱንም ገፍተኸው ነው?»

ፖሊሶች መስፍንን ይዘውት ወጡ።

«በል ና፣ ቤታችን እንሂድ» አለችው ልጇን። ናኦድ ግን ማሽኑ ሥር ተንበርክኮ የምላጩን ማሰሪያ ይፈታል።

«አሁን ደግሞ ምን ልትሆን ነው? ምላጩ ተበላሽቷል አይደል?»

«ጋሽ ሙላው ማሽን ላይ ምላጭ አያሳድሩም ነበር፣ እማ።»

ዘቢብ በንዴት ተነፈሰች። ከዚያ ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ፣ ጥርሱ እንዳይቆርጠው የምላጩን አንድ ወገን ያዘችለት።