የኤንትሬዋ ታኮ

ጥላ ተከተለኝ፣ ድምፅ ጠራኝ የሚል ሰው ወሬ ሲጀምር ዱላዬን አንስቼ ወደ ቤቴ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ዕድሜ ልኬን በማንኪራ ጫካ ጭጋግ ውስጥ ብቻዬን ስመላለስ ከጦጣ በቀር ያስደነገጠኝ የለም፣ አሁንም አመንኩ አልልህም፣ የሆነውን ብቻ ልንገርህ።

ደካ በሚባል ቦታ አንድ ግቢ ውስጥ ሣር የበቀለባት አሮጌ ኤንትሬ ጭነት መኪና ገዛሁ፣ ሾፌሯ ከሞተ ቆይቷል። አስጎትቼ አመጣኋትና ቦንጋ ዳር ካለው ቤቴ በላይ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ አፍንጫዋን ወደ መንገዱ ጀርባዋን ወደ ቤቴ አድርጌ አቆምኳት፣ ሌላ ቦታ የለኝማ። ስለ መኪና የማውቀው ተሳፍሮ መሄድ ብቻ ነበር፣ ግን የማንኪራን ቡናዬን በራሴ መኪና ላወርድ ቆርጬ በገዛ እጄ መጠገን ጀመርኩ፣ የፈታሁትን ብሎን በፈታሁበት ተራ ኮባ ቅጠል ላይ እደረድራለሁ፣ ያልገባኝን ዕቃ በፌስታል ይዤ በባጃጅ ወደ ጋራዥ እወርዳለሁ፣ መካኒኮቹ አባባ ዛሬ ደግሞ ምን ይዘው መጡ እያሉ ይስቁብኛል፣ ቢስቁም ያሳዩኛል።

ፍሬኗ ስለማይሠራ ከኋላ ጎማዋ ሥር ትልቅ የወንዝ ድንጋይ ሸጉጬ ነበር። አንድ ጠዋት ስወጣ ድንጋዩ ወደ ጎን ተቀምጧል፣ በቦታው አዲስ የተጠረበ የእንጨት ታኮ ጥብቅ ብሎ ገብቷል። አስበው እስቲ፣ ድንጋዩ ሲወጣ መኪናዋ ብትንሸራተት የምታርፈው እኔና ባለቤቴ የተኛንበት ክፍል ላይ ነው። ድንጋዬን መልሼ ታኮውን አወጣሁት፣ በማግስቱም፣ ከዚያ ወዲያ ባሉት ቀናትም እንደዚያው ሆኖ አገኘሁት።

እውነቴን ነው፣ ወዲያው የጠረጠርኩት ጎረቤቴን ጋሽ ኮቺቶን ነው። ግንድ እየፈለፈለ የንብ ቀፎ የሚሠራ ሰው ነው፣ መጥረቢያ ከእጁ አይለይም፣ መኪናዋን ሳመጣትም ይቺ ብረት አንድ ቀን ትጨርሰናለች ብሎ አኩርፎኝ ነበር። ስንት ዘመን ማርና ቡና የተሰጣጣን ሰዎች ሰላምታችን ቀዘቀዘ፣ ባለቤቴ ዝም ብለህ ጠይቀው ብትለኝም እኔ ደግሞ ማድፈጥ ያዝኩ፣ ማንንም ግን አላየሁም።

ሞተሩ የተነሳልኝ ዕለት፣ ጭጋጉ ወርዶ ሊመሽ ሲል፣ ጠራሁትና ጋቢና ውስጥ አጠገቤ አስቀመጥኩት። ሞተሩን አጥፍቼ እግሩ ሥር የከመርኳቸውን ታኮዎች አሳየሁት።

«ኮቺቶ፣ ቤቴን በላዬ ልታፈርስብኝ ነው?»

አንዱን አንሥቶ አገላበጠው። «እኔ ብሆን ምን አስደበቀኝ?» አለ ቅር ብሎት። «በቀን፣ በፊትህ፣ እየሰደብኩህ ነበር የማስገባው።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ከኋላ ድንጋይ ሲንከባለል ሰማን። መኪናዋ ወደ ኋላ ሸተት አለች፣ ባለቤቴ ቤት ውስጥ ናት፣ የማይሠራውን ፍሬን ረገጥኩት፣ መኪናዋ በራሷ ቆመች። ከዚያ ቷ፣ ቷ፣ ቷ፣ ልክ የጭነት መኪና ረዳት ታኮ እንደሚመታው፣ ሳይቸኩል። በመስታወቱ አየሁ፣ ጭጋግ ብቻ ነው። ኮቺቶ ክንዴን ጨምድዶ ይዞኛል። ድምፁ ትንሽ አረፈና እንደገና ቀጠለ፣ አሁን ወደ እኛ ቀረብ ብሎ።

ዝም ሲል ወረድን። ጭቃው ላይ ቅድም ስንገባ የረገጥነው የኔና የሱ ዱካ ብቻ ነው። ከጎማው በስተኋላ አዲስ ታኮ አለ፣ የእንጨቱ ሙጫ ገና እጅ ላይ ይጣበቃል። ከዚያው ጎማ በስተፊት ደግሞ ሌላ።

ኮቺቶ ቁጢጥ ብሎ ሁለቱንም በእጁ ነካካ።

«የኋላው ለቤትህ ነው» አለኝ። «የፊቱስ፣ ወደ መንገድ እንዳትወጣ የከለከላት፣ ለማን ነው?»

ከኮቺቶ ጋር ይኸው ታርቀናል፣ እየመጣ ያያታል፣ ጋቢናዋ ውስጥ ግን ዳግመኛ ገብቶ አያውቅም። ፍሬኗንም ሠራሁት፣ ቡናው ደርሷል፣ መካኒኮቹ መቼ ነው የሚያስነሷት ሲሉኝ ባትሪ እየጠበቅኩ ነው እላለሁ። ባትሪዋ ደህና ናት። ባለፈው ጠዋት የፊቱን ታኮ ላወጣ ጎንበስ ስል ከላይ ከጋቢናው ውስጥ የእጅ ፍሬን ክርርር ብሎ ሲሳብ ሰማሁና እጄን ሰበሰብኩ። በሩ ተቆልፎ ነበር፣ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ።