ከዘፈኑ በኋላ ያለው ድምፅ

ዘፋኙ የሞተው አዲሱ አልበሙ ለሕዝብ ከቀረበ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ነው። አልበሙ ዓርብ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በሕጋዊው የሙዚቃ አፕ ተለቀቀ። ለአምስት ሰዓት ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ የድምፅ ባለሙያው ከስቱዲዮው ብቅ ሲል፣ ዘፋኙን ከደረጃው ሥር ተዘርሮ አገኘው።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ቀድሟት የመጣው ፖሊስ ነገሩን በልቡ ጨርሶታል።

«አዳልጦት ነው። ደረጃው ገና መወልወሉ ነበር» አላት።

እሷ መልስ ሳትሰጥ ጎንበስ አለች። ሟቹ በጀርባው ተንጋሏል፤ ራሱ ወደ ታች፣ እግሩ ወደ ላይ። ከእጁ አጠገብ ስልኩ ወድቋል። መስታወቱ ቢሰነጠቅም አልጠፋም፤ ማዳመጫውም እንደተሰካ ነው።

«እየወረደ ያዳለጠው ሰው ወይ እግሩ ይቀድማል፣ ወይ በፊቱ ይደፋል። ይሄ ግን ጀርባውን ለደረጃው ሰጥቶ ቆሞ ነበር። ፊት ለፊቱ ሰው ነበረ ማለት ነው» አለች።

ፖሊሱ ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ።

በስልኩ ላይ አፑ እንደተከፈተ ነው። የአልበሙ የመጨረሻ ዘፈን ሊያልቅ አርባ ሰከንድ ሲቀረው ቆሟል። ኢንስፔክተሯ የሟቹን ፊት አየችና ቶሎ ዓይኗን መለሰች። ሃያ ዓመት ሙሉ የዚህን ሰው ድምፅ ሰምታለች፤ በሠርጓም፣ እናቷ በሞቱ ጊዜም። አንዱንም ግን በአግባቡ ገዝታ አታውቅም። መኪናዋ ውስጥ ያለው ፍላሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ የእሱ ነው፤ ሁሉም የተገለበጠ። የሰው ሀቅ አልነካም እያለች የኖረች ሴት እዚያ ደረጃ ላይ አንገቷን ደፋች።

የድምፅ ባለሙያው ስቱዲዮ ውስጥ እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል ቀብሮ ተቀምጧል። ዓይኑ ቀልቷል።

«የገደልኩት እኔ ነኝ» አላት ገና ሳትቀመጥ።

«እንዴት?»

«በቸልተኝነቴ። አልበሙ ሐሙስ ጠዋት፣ ከመለቀቁ አንድ ቀን በፊት፣ በየስልኩ በነፃ ተበተነ። የሾለከው ማክሰኞ የቀዳሁት ረቂቅ ነው። አምስተኛው ዘፈን ላይ ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል፤ ረቡዕ ነው ያጠፋሁት። ረቂቁን ለማንም ባልሰጠው ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።»

«ለማን ሰጠኸው?»

«ለእሱ ለራሱ ብቻ። ቤቱ ወስዶ ሊያዳምጠው። ቤት ያሉት ደግሞ እሱና ታናሽ ወንድሙ ናቸው።» አፉን በእጁ ያዘ። «ምንም አላልኩም።»

«ዛሬ ከአራት ሰዓት በኋላ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። እሱ አራት ተኩል ገደማ ስልክ ተደውሎለት ወጣ። እኔ በሩን ዘግቼ አልበሙን አዳመጥኩ። እዚህ ክፍል ውስጥ በሩ ከተዘጋ ቦምብ ቢፈነዳም አይሰማም።»

«የመጨረሻው ዘፈን እንዴት ነው የሚያልቀው?»

ባለሙያው ቀና ብሎ አያት። «እሱን ራስሽ ብትሰሚው ይሻላል።»

ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ ባለቤት በሰፈሩ የሚጠራው «ፍላሽ» ተብሎ ነው። ሰውየው ስድሳን አልፏል። ካሴት ሲገለብጥ፣ ሲዲ ሲገለብጥ፣ በኋላም በየፍላሹ ዘፈን ሲጭን ነው ያረጀው። ኢንስፔክተሯ ስትገባ ባንኮኒው ላይ ተደፍቶ ያለቅስ ነበር።

«እሰሩኝ» አለ። «ሃያ ዓመት የዘረፍኩት እኔ ነኝ።»

«ስለ ዛሬ ይንገሩኝ፣ አባቴ።»

«ዛሬማ ሱቄን ዘግቼ ከጓዳ ሆኜ ሳዳምጠው ነበር። በአፑ! ተመዝግቤ!» ስልኩን አውጥቶ አሳያት። «ባለፈው ወር እሱ ራሱ መጥቶ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ‹ሰው ሌባ መሆን አይፈልግም፤ ቀላል መንገድ ስላጣ ነው። አንተ መንገዱን አሳየው› አለኝ። በደልከኝ አላለኝም፣ ልጄ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ ስልኩ ላይ አፑን እጭንለታለሁ። ሰው ባዳመጠ ቁጥር ገንዘቡ ለባለቤቱ እንደሚደርስ አስረዳለሁ።»

«ማነው ያሾለከው ይላሉ?»

«ለእኔ አላመጡልኝም። ቢያመጡልኝም… ድሮ ግን ያመጡልኝ ነበር። አልበም ከመውጣቱ በፊት።»

«ማን?»

«የሞተ ሰው ቤት ላይ ሌላ እሳት አልጨምርም።»

ኢንስፔክተሯ አላስጨነቀችውም። «የመጨረሻውን ዘፈን ሰሙት?»

«እስከ ጫፉ። እንባዬን ያመጣውማ እሱ አይደል! ያን ቃል እኔ ብባል ኖሮ እግሩ ሥር እወድቅ ነበር።»

ከሱቁ ስትወጣ እሷም የእሱ ደንበኛ እንደነበረች ልትነግረው ፈልጋ ነበር። አፏ እንቢ አላት።

ታናሽ ወንድምየው ዘፋኙ ቤት ሳሎን ውስጥ ቆሞ ነበር የተቀበላት። ሃምሳ ዓመት የሚጠጋው፣ ልብሱ የጸዳ፣ ንግግሩ የተቆጠበ ሰው ነው። የወንድሙን ካሴቶች በየከተማው ይዞ ሲዞር ያደገ፣ እስከ አምናም ድረስ የአልበሞቹ አከፋፋይ የነበረ እሱ ነው።

«አፑ ከመጣ ወዲህስ?» አለችው።

«ከዚያ ወዲህማ ምን አከፋፋይ ያስፈልጋል? አንድ ቁልፍ ይነካል፣ አለቀ።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ለወንድም ጋሼ ደስ ብሎኛል።»

«ዛሬ ጠዋት ደውለውለት ነበር?»

«እንኳን ደስ አለህ ልለው። ከዚያ እዚሁ ቁጭ ብዬ አልበሙን አዳመጥኩ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። መርዶው እስኪደርሰኝ ድረስ አልተነሳሁም።»

«በአፑ?»

«በአፑ እንጂ! የሾለከውንማ እንዴት ብዬ?»

«እኔ ገና አልጨረስኩትም። የመጨረሻው ዘፈን እንዴት ነው የሚያልቀው?»

«በፒያኖ። ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ይሄድና ይጠፋል። ከዚያ ጸጥታ ነው።»

ኢንስፔክተሯ አመስግናው ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ሆና አፑን ጫነች፤ በስሟ ተመዘገበች። የመጨረሻውን ዘፈን ከፍታ እስኪያልቅ ጠበቀች። ሲያልቅ ሞተሩን ሳታስነሳ ብዙ ተቀመጠች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስቱን ሰዎች ስቱዲዮ ሰበሰበቻቸው። ፍላሽ በሩ አጠገብ፣ ባለሙያው ማሽኑ ፊት፣ ወንድምየው መካከል ላይ ተቀመጡ።

«ሦስታችሁም በዚያ ሰዓት አንድ አልበም ስታዳምጡ ነበር፤ ሦስታችሁም ብቻችሁን» ብላ ጀመረች። «ማናችሁም ምስክር የላችሁም። ስለዚህ ሟቹን ራሱን ጠየቅኩት። ጀርባውን ለደረጃው ሰጥቶ ነው የሞተው፤ ፊት ለፊቱ ከቆመ ሰው ጋር። እጁ ላይ ማዳመጫ የተሰካበት ስልክ ነበር። ስልኩ የቆመው የመጨረሻው ዘፈን ሊያልቅ አርባ ሰከንድ ሲቀረው ነው። ዘፋኙ ያን ቦታ ለራሱ አልከፈተውም፤ ራሱ የሠራውን ያውቀዋል። ለሌላ ሰው ሊያሰማ ነው ያዘጋጀው። ያን ቦታ ላልሰማ ሰው።»

ሦስቱንም በተራ አየቻቸው።

«ባለሙያው የቀዳው እሱ ነው፤ ያውቀዋል። ባለሱቁ ሰምቶ አልቅሷል። እርስዎ ግን» ወደ ወንድምየው ዞረች፣ «ዘፈኑ በፒያኖ አልቆ ጸጥታ ይሆናል አሉኝ። እንደዚያ የሚያልቀው የሾለከው ብቻ ነው፤ ማክሰኞ የተቀዳው ረቂቅ። የአፑ እንደዚያ አያልቅም።»

«ምናልባት… አቋርጬው ይሆናል።»

«እስከ መጨረሻው ነው ያሉኝ። ረቂቁ ከዚህ የወጣው ለወንድምዎ ብቻ ነው፣ ወደ ቤታችሁ። ሐሙስ ጠዋት ዘፋኙ የተበተነውን ከፈተ፤ የወንበሩን ድምፅ ሰማ፤ ማን እንዳደረገው ገባው። ያኔ ምን አደረገ?»

ባለሙያው አቀርቅሮ መለሰ፤ «እዚህ መጣ። ‹አንድ ነገር ቅዳልኝ፣ ከመጨረሻው ዘፈን ኋላ ቀጥልልኝና ዛሬውኑ ለአፑ ላከው› አለኝ። ‹ለማን ነው?› ብዬ አልጠየቅኩም።»

«አሰማን» አለችው።

ፒያኖው ቀስ እያለ ጠፋ። ጥቂት ጸጥታ ሆነ። ከዚያ የሟቹ ድምፅ፣ ያለ ዜማ፣ እዚያው አጠገባቸው የተቀመጠ ያህል፦

«ይሄ ሥራ ለታናሽ ወንድሜ ነው። ሰው ሳያውቀኝ ካሴቴን በእግሩ ዞሮ ያዳረሰ እሱ ነው። በመካከላችን የሆነውን እሱም እኔም እናውቀዋለን፤ እኔ ትቼዋለሁ። አንተም ተወው። ያላንተ እዚህ አልደርስም ነበር፤ ከዚህ በኋላም አብረን ነን።»

ወንድምየው ከወንበሩ ተንሸራትቶ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፤ ያ የጸዳ ልብሱ ተሸበሸበ።

«አፑ ይውደቅ ብዬ ነው» አለ ለማንም ሳይሆን። «ቢወድቅ ተመልሶ ይፈልገኛል ብዬ። ዛሬ ግን አላስቻለኝም፤ ልነግረው ነበር የመጣሁት። ደውዬ ውጣልኝ አልኩት። ደረጃው ላይ ገና አፌን ስከፍት ስልኩን ዘረጋልኝ። ‹መጀመሪያ ይሄን ስማ፣ ከዚያ እናወራለን› አለኝ። ስንት ሰው እንዳዳመጠው ሊያሳየኝ፣ ሊያላግጥብኝ መሰለኝ። ‹አልሰማም!› ብዬ እጁን መታሁት፤ ገፋሁት። ወንድም ጋሼን!»

ፍላሽ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ከዚያስ ለምን አልሰሙትም?» አለች ኢንስፔክተሯ። «ቀኑን ሙሉ እጅዎ ላይ ነበር።»

«ድምፁን ፈራሁት።»

በሩ ተከፈተና ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ ገባ። ወንድምየው እጆቹን ዘረጋለት። ግን ዓይኑ ባለሙያው ላይ ነበር።

«አንድ ጊዜ ብቻ» አለው። «ከመሄዴ በፊት።»

ባለሙያው ኢንስፔክተሯን አያት። እሷ ለፖሊሱ፣ «በሩን ዝጋና ቆይ» አለችው፤ ወንበር ስባም ተቀመጠች።