በአፍንጫዋ የተወተፈው ጥጥ

በታዒዝ ከተማ ገበያ ዳቦ የገዛ ሰው ሁሉ ተቂያን ያውቃታል። ጧት ጧት ከሳብር ተራራ በጭነት መኪና ትወርድና የዳቦ ቅርጫቷን ዘርግታ፣ በሶብላዋን ከሻሿ ሥር ጉንጯ አጠገብ ሰክታ ትቀመጣለች። ፊቷን አትሸፍንም፤ የሳብር ሴት ናታ፣ የዚያ ተራራ ሴቶች አይሸፈኑም። አንድ ደንበኛ "ይሄ ዳቦ የትናንት ነው" ብሎ ቢያማርር፣ "የትናንትስ አንተ ነህ፤ ሂድና ተኛ!" ትለውና ገበያተኛው ሁሉ ይስቃል። አፏ እንዲህ ነው፤ ልቧ ግን ደግ ነው።

ይህች ሴት ናት እንግዲህ በጥጥ ሰበብ ልትሞት የነበረችው። አዎ፣ በጥጥ። ስሙኝማ።

ነገሩ የጀመረው በትርፍ አንጀት ነው። "ይተወኛል" እያለች ሁለት ቀን ሆዷን አስራ ከሸጠች በኋላ፣ በሦስተኛው ቀን ቅርጫቷ ላይ ተደፋች። ባሏ ሙቅቢል ተሸክሞ ሆስፒታል አደረሳት። ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ስለነበር ዶክተር ሸውቂ ሆዷን ረዘም አድርገው ከፍተው፣ አጥበው ሰፉት። ቀዶ ጥገናው በደህና አለቀ። "እኛ የቻልነውን አድርገናል፤ ከእንግዲህ ያለው ሥራ የእሷ ነው" አሉት ሙቅቢልን።

ከሰዓት በኋላ አማቷ ሐጃ ሙልክ መጡ። በእጃቸው አንድ ጥቅል ጥጥና አንድ እፍኝ ጤና አዳም ይዘዋል። እሳቸው የሚያውቁትን ያገሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፦ የቆሰለ ሰው ሽቶ ከሸተተው፣ ሽታው በአፍንጫው ገብቶ ቁስሉን ያመግለዋል። ሐጃ ሙልክ ደግሞ ከሰው ሰምተው ብቻ አይደለም። ወንድማቸው እግሩን መጥረቢያ ቆርጦት ተኝቶ ሳለ፣ ሽቶ የተርከፈከፈበት ሙሽራ ሊጠይቀው ገባ፤ በሳምንቱ ወንድማቸው ተቀበረ። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ሙሉ የበሽተኛ ደጃፍ ላይ ቆመው ጠያቂውን ሁሉ ሲያሸቱ ኖረዋል።

"እማ፣ ጥጡን አመጡልኝ?" አለች ተቂያ፣ ማደንዘዣው ገና ሳይለቃት።

"እንዴት እረሳለሁ፣ የኔ ልጅ!" አሉና ሁለቱንም አፍንጫዋን ወተፉላት። ጤና አዳሙን፣ የሽቶ ሽታ እንዲመልስ፣ ጆሮዋ ላይ ሰኩት። ጠያቂ ሴቶች በሶብላቸውን ኮሪደር ላይ እያራገፉ እንዲገቡ ታዘዙ።

ነርሷ አፍራሕ ልትጎበኛት ስትመጣ ክው አለች። "ተቂያ! ምንድን ነው ይሄ? ጥጥ የሚወተፈው እኮ ለሬሳ ነው!"

"አፍሽን ያዥ!" አሉ ሐጃ ሙልክ። "ይልቅ አንቺ ምን ተቀብተሽ ነው የመጣሽው? ገና ከበሩ ትሸቻለሽ!"

"ሳሙና ነዋ ሐጃ! ቁስል የሚያበላሸው ያልታጠበ እጅ ነው እንጂ ሽታ አይደለም።" ጥጡን አወጣችና ትራስ አስታቀፈቻት። "ስሚኝ ተቂያ፣ ይሄን ሆድሽ ላይ ጥብቅ አድርገሽ ይዘሽ፣ በየሰዓቱ አሥር ጊዜ በደንብ ተንፍሺ። ከዚያ ሳልሽን ሳትይዢ በኃይል ሳይ። ነገ ደግሞ ተነስተሽ ትራመጃለሽ።"

"እሺ" አለች ተቂያ። ለነገ ዳቦ አስቀምጪልኝ ለሚላት ደንበኛ የምትሰጠው ዓይነት፣ ከአፍ የማያልፍ እሺ ነበረ። አፍራሕ ዞር ከማለቷ ጥጡ ተመለሰ።

"ስሚያት እስቲ፣ ሳይ ትለኛለች!" አለች ለአማቷ በሹክሹክታ። "ስፌቱ ተፈቶ አንጀቴ ቢዘረገፍ እሷ ልትሰበስብልኝ ነው?"

እናም በጀርባዋ ተንጋላ ቀረች። ሳሏ ሲመጣ ትውጠዋለች፤ ትንፋሿን ትቆጥባለች። አፍራሕ ስትመጣ ጥጡ ትራስ ሥር ይገባል፤ ስትሄድ ይወጣል። በማግስቱ "ዛሬ አልችልም" ብላ ሳትራመድ ቀረች። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ጀመራት። ያቺ ገበያ የምታስቅ ሴት ውሃ ለመጠየቅ እንኳ ትንፋሽ አጠራት፤ ከንፈሯ ጠቆረ።

"ይኸው! አላልኩም?" ሐጃ ሙልክ ተነሱ። "ማን ነው ሽቶ ተቀብቶ የገባው? ልጄን ማን ነው የገደለብኝ?" ጠያቂውን ሁሉ ከክፍሉ አባረሩ፤ ሙቅቢልን ሳይቀር ሸሚዙን አሸተቱት።

ዶክተር ሸውቂ መጥተው ደረቷን በማዳመጫ ረጅም ጊዜ አዳመጡ። ከዚያ የቁስሉን ፋሻ ገለጡና፣ "ሐጃ፣ ይምጡ፣ ይዩ" አሉ።

ሐጃ ሙልክ እየፈሩ ጎንበስ አሉ። ስፌቱ ደረቅና ንጹሕ ነበር፤ የመግል ጠብታ እንኳ የለውም።

"ሽታው ያርፍበታል ያሉት ቁስል ይኸው ደህና ነው። የታመመው ሳንባዋ ነው። ተጋድማ፣ ትንፋሿን አፍና፣ ሳሏን ውጣ ሳንባዋ ውስጥ አክታ ተጠራቀመ። መድኃኒት እሰጣታለሁ፤ ግን አክታውን እኔ ስዬ አላወጣላትም። እሷ ካልሳለች፣ ተቂያን እናጣታለን።"

ሐጃ ሙልክ በእጃቸው የቀረውን ጥጥ አዩት።

ተቂያ ሰምታለች። ሳልኩም አልሳልኩም ልሞት ነው? እንዲያ ከሆነማ ስዬ ልሙት፣ አለች በልቧ። እጇን ቀስ አድርጋ አነሳችና ጥጡን ከአፍንጫዋ መዝዛ ወለሉ ላይ ጣለችው። ማዶ አልጋ ላይ የተላጠ ብርቱካን ሸተታት፤ ሦስት ቀን ሙሉ ምንም ሳይሸታት ነው የቆየችው። ትራሱን አቀፈችና ሳለች።

"ወይኔ እናቴ!" አለች። ሆዷ በእሳት የተነካ መሰላት።

"ድገሚ!" አለች አፍራሕ፣ ከጀርባዋ ደግፋ።

"አንቺ ጨካኝ!"

"ስደቢኝ፣ ግን ድገሚ!"

ደገመች። በአራተኛው ወፍራም አረንጓዴ አክታ ወጣ። ስፌቱ አልተፈታም። ሐጃ ሙልክ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ነበር፤ ቀስ ብለው ገለጡና፣ "አንጀቷ… አልወጣም?" አሉ።

"ያለው እቦታው ነው፣ እማ" አለች ተቂያ፤ ትንፋሽ ካጠራት ወዲህ የመጀመሪያውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገሯ ነበር።

በዚያው ዕለት እግሯን ከአልጋው አወረደች። በማግስቱ እስከ በሩ ሄደች፤ በሦስተኛው ቀን እስከ ኮሪደሩ መስኮት። ትኩሳቱ በረደ። በአምስተኛው ቀን ማንም ሳይይዛት ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ስትራመደው ሕመምተኞቹ ሴቶች ከአልጋቸው ሆነው እልል አሉላት። ሙቅቢል የቆመበት ሆኖ አለቀሰ፤ አላፈረምም። ዶክተሩ ደረቷን አዳምጠው፣ "አሁን ሳንባሽ ንጹሕ ነው፤ ነገ ወደ ተራራሽ" አሏት።

ሐጃ ሙልክን ክፉ ሴት ናቸው የሚል ሰው ተሳስቷል። ምራታቸውን እንደ ወለዷት ይወዳሉ። ግን እናስተውል፤ ፍቅር ብቻውን አያክምም። እናንተም የምትወዱት ሰው ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ስትጠይቁ፣ "አትነሳ፣ አትንቀሳቀስ" ማለት የወደዳችሁት ይመስላችኋል። መጀመሪያ እጃችሁን ታጠቡ። ከዚያ ነርሷን፣ "ምን ላግዘው?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ያለችውንም ሳትሸርፉ አድርጉ።

ተቂያ ልብሷን ለብሳ ልትወጣ ስትል፣ ከቀዶ ጥገና የወጣች አንዲት ልጃገረድ ማዶ አልጋ ላይ ተኛች። አክስቷ ከጉያዋ ጥጥ አውጥታ መጠቅለል ጀመረች። አፍራሕ አፏን ሳትከፍት ሐጃ ሙልክ ክፍሉን ሰንጥቀው ደረሱና የሴትየዋን እጅ ያዙ።

"ተይ፣ እህቴ፣ ተይ! እኔ በገዛ እጄ ልጄን ልቀብራት ነበር!" ጥጡን ተቀብለው ጣሉት፤ እጃቸውን በሳሙና እስከ ክርናቸው ታጥበው ተመለሱና ትራስ አንስተው ልጅቷን አስታቀፏት። "በይ የኔ ቆንጆ፣ እኔ እይዝሻለሁ። ሳይ!"

ልጅቷ ፈራ ተባ እያለች ሳለች።

"ድገሚ!" አሉ ሐጃ ሙልክ።