መብራት ያቋረጠው ትምህርት

«ቲቸር፣ ኩላሊቱ የታመመ ሰውስ?»

ደወል ተደውሎ ተማሪው በሩ ላይ ሲጋፋ ሶሲ ብቻዋን መምህሩ ጠረጴዛ ፊት ቆማለች። የባዮሎጂ መምህሩ ቲቸር አምባው ለፈተና ሲከልሱ ያነሷት አንዲት ቃል፣ «ኩላሊት»፣ ልቧን አሸብራዋለች።

«ፀሐይ ቆዳችን ላይ የምትሠራው ቫይታሚን ዲ ገና ጥሬ ነው» አሉ ቾኩን አስቀምጠው። «ጉበት ትንሽ ያዘጋጀዋል። የሚጨርሰው ግን ኩላሊት ውስጥ ያለው ኤንዛይም ነው። ‹ሥራ› ብሎ የሚያዘው ደግሞ አንገት ውስጥ ካሉ ትንንሽ እጢዎች የሚመጣ ሆርሞን ነው። ኩላሊት ከደከመ ሆርሞኑ ቢጮህም ሰሚ የለም። ያኔ ሆርሞኑ ካልሲየሙን ከአጥንት መውሰድ ይጀምራል።»

«ፀሐይ ቢሞቅስ?»

«ቀኑን ሙሉ ቢሞቅም። ማነው የታመመው?»

«ማንም» ብላ ወጣች።

ይህን ትምህርት ከሦስት ወር በፊት ክፍላቸው ባለው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ጀምራው ነበር። የፕላዝማው አስተማሪ በእንግሊዝኛው እየተጣደፈ ፀሐይን፣ ቆዳንና ቫይታሚን ዲን ጠርቶ አጥንት ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ፤ ቦንጋ ላይ መብራት አንዴ ከሄደ ሄደ ነው። ሶሲ ግማሹን ትምህርት ይዛ ቤቷ ገባች። ጅማ ያለው ሐኪም ኩላሊቷን ለሚያማት እናቷ ለዘነበች ያዘዘውን የኪኒን ወረቀት አንብባም «እማዬ፣ ይሄማ ቫይታሚን ዲ ነው! ፀሐይ በነፃ ትሰጥሽ የለ?» አለች። ጎበዝ ተማሪ ስለሆነች እናቷ አመነቻት። ኪኒኑ ሲያልቅ ለቀጠሮዋ ወደ ጅማ አልተመለሰችም።

እውነቱን ለመናገር፣ ሶሲ ያን ቀን ደስ ያላት ለእናቷ ብቻ ብላ አልነበረም። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። እናቷ ጅማ ሆስፒታል ተኝታ ዘጠኝ ቀን የቆየች ጊዜ ሶሲ ሬዲዮ ከፍታ ከሬዲዮው ጋር ስታወራ ከርማለች። እንዴት እንደከፋት ለማንም ነግራ አታውቅም።

ቤት ስትደርስ ዝናቡ አባርቶ እናቷ ደጅ ተቀምጣ ጉልበቷን ፀሐይ ታሞቃለች።

«ነይ፣ ዛሬስ ወጣችልን። አጥንቴን ግን አሁንም ይቆረጥመኛል።»

ሶሲ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። እናቷም የትም አትሄድም። ደብተሯን ደረቷ ላይ እንደያዘች ይህንን በደንብ አሰበችው።

«እማዬ፣ ያኔ ተሳስቼ ነው የነገርኩሽ። ፀሐይዋ ብቻዋን አትበቃሽም። ኪኒኑ ኩላሊትሽ መጨረስ ያቃተውን ሥራ ጨርሶ የሚመጣ ነው። ሐኪሙ ጋ መመለስ አለብሽ።»

ዘነበች ልጇን ትክ ብላ አየቻት።

«ቢያስተኙኝስ? ብዙ ቀን ብቆይ ብቻሽን አትፈሪም?»

«እፈራለሁ» አለች ሶሲ። «ግን ሂጂ።»