የማትደክመው ለቃሚ

በምትሠራው ጌም ውስጥ የቡና ፍሬዎቹ ወደ ላይ መብረራቸውን ትተው በሥርዓት መውረድ ሲጀምሩ ሱሀይላ ላፕቶፑን ልታቅፈው ምንም አልቀራት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ብቻዋን ስትታገል ነው የከረመችው። የምትፈልገውን ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንሱ በአማርኛ ትነግረዋለች፤ እሱ ኮዱን ይጽፋል፤ አንዱን ሲያቃና ሌላውን ያበላሻል። የበፊቱንም አያስቀምጥላትም፤ እዚያው ላይ ነው የሚደርበው። ትናንት ጌሙ ውስጥ ያለችውን ሴት ሻሽ ቀይ አድርግልኝ ብትለው ቡናውን በሙሉ ወደ ሰማይ ሰደደባት። ደክሟታል፤ የምር ደክሟታል።

ጌሙ ቀላል ነው። አንዲት ሴት ተቀምጣ በፊቷ እየወረደ ከሚያልፈው ቡና ጥቁሩንና የተሰበረውን ትለቅማለች፤ ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄዳል። የትምህርት ቤቷ የጌም ውድድር የሚዘጋው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ቀርቷታል። ላፕቶፑን ያዋሷት ቲቸር ዘርሁንም «አንዴ ከሠራልሽ እንዳትነካኪው፤ ዝም ብለሽ ላኪ» ብለዋታል።

እናቷ አይሻ ቡና ስትለቅም ከዋለችበት ማበጠሪያ ወደ ቤት ገብታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ዘፍ አለች።

«እማ፣ እስቲ ሞክሪው። አንቺን ነው የሠራሁት።»

አይሻ ልጇ ያሳየቻትን ቁልፍ ጠቅ ጠቅ አደረገች። ወዲያው ገባት፤ የሱሀይላን ነጥብ ጥላ ሄደች።

«ማሻአላህ፣ ጎበዝ ነሽ ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ!» አለች። ከዚያ ስክሪኑን ትኩር ብላ አየችው። «ግን ይቺ ሴት አይደክማትም እንዴ? ወገቧን እንኳ ቀና አታደርግም?»

«ጌም ነዋ፣ እማ! አታካብጂ።»

«እሺ፣ እሱስ ልክ ነሽ» አለችና አይሻ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

ሱሀይላ በመናገሯ አፈረች፤ ተናደደችም። ሦስት ሳምንት ለፍታ፣ ይኼ ቀረ ይባላል? «ላክ» የሚለውን ልትጫን ስትል ዓይኗ እናቷ ላይ አረፈ። አይሻ እንቅልፍ ወስዷታል። ጣቶቿ ግን ጭኗ ላይ ሆነው አሁንም ይለቅማሉ።

አሁን ብትነካካው ፍሬዎቹ ደግሞ ወዴት እንደሚበሩ አላህ ይወቅ። ቢበላሽ የምትልከው የላትም።

ጣቷን ከ«ላክ» ላይ አነሳች። «ሴትየዋ ይደክማታል» ብላ ጻፈች። «ሲደክማት ወገቧን ቀና አድርጋ ትረፍ።»

መልሱ ወዲያው መጣ። «ገባኝ። ስታርፍ ስንት ነጥብ ይቀነስባት?»

ሱሀይላ ተነስታ፣ እንዳትቀሰቅሳት ቀስ ብላ የእናቷን ጫማ አወለቀችላት። ተመልሳም «ምንም» ብላ ጻፈች።