ደረቁ ኩባያ

አቶ የሻው የሞቱት ሞጣ ከተማ፣ በገዛ ሆቴላቸው ጓዳ ውስጥ ነው። ቀኑ የሁዳዴ ዓርብ ነበር፤ ክርስቲያኑ ቅዳሴ፣ ሙስሊሙ ጁምዓ ሄዶ ግቢው ጭር ባለበት ሰዓት።

ኢንስፔክተር ወይንእሸት ቢቸና ሆና ያነሳችው ስልክ፣ እንዳለው ከሚባለው የሞጣ ፖሊስ ሳጅን የተደወለ ነበር።

«ሐኪሙ የአይጥ መርዝ ነው ብሏል። ሬሳው አጠገብ ወተት ያለበት ፔርሙዝ አገኘን። ፔርሙዙ የጎረቤታቸው የአብዱልዋሂድ ነው።»

«እና?»

«እናማ ነገ ቀብር ነው፤ ነገ ገበያም ነው። እስላም ክርስቲያን መረዘ የሚል ወሬ ገበያ ከገባ፣ ምን እንደሚከተል እርስዎም ያውቁታል። ሰውየውን ጣቢያ አስገብቸዋለሁ። ለራሱም ብየ ነው።»

«እኔ እስክደርስ ማንኪያ እንኳ እንዳይነካ!»

ወይንእሸት ያልገባትን ነገር ገባኝ የማትል ደረቅ ሴት ናት፤ አለቆቿም በዚህ አይወዷትም። የጉንደ ወይን መንገድ ሲያላጋት ቆይቶ ሞጣ ስትደርስ ከጫማዋ እስከ ቅንድቧ አቧራ ለብሳ ነበር። ፊትሽን ታጠቢ ቢሏት እምቢ ብላ በቀጥታ ጓዳ ገባች።

ፔርሙዙ ወድቆ ትንሽ ወተት መሬት ላይ ፈሷል፤ መደርደሪያው ላይ የሟቹ የጨጓራ መድኃኒት ተቀምጧል። አንዲት ድመት ጤፍ ጆንያ ላይ ተጋድማ ጢሟን ትልሳለች።

«ድመቷ ከዚህ ወተት ቀምሳለች?»

«ስንገባ ስትልሰው ነበር» አለ ሳጅኑ።

«ይኸው ደህና ናት። እንግዲያ መርዙ ፔርሙዙ ውስጥ አልነበረም፤ የተጠጣበት ዕቃ ውስጥ ነው። ዕቃው የታል?»

«ዕቃ የለም። ፈልገን አጣን።»

ከጓዳው ቀጥሎ ባለው ማድ ቤት ጥግ ላይ አንድ ነጭ ማሽን ቆሟል። ወይንእሸት ጠጋ አለች።

«ይኼ የዕቃ ማጠቢያ ነው አይደል? ማን ነው የሚያሠራው?»

«እኔ ነኝ» አለች ምግብ አብሳይዋ ውበቴ፣ አፏን በነጠላዋ እንደሸፈነች። «የጠዋቱን ዕቃ አጥቦ ሲጨርስ እንደተዘጋ ትቸው ቅዳሴ ሄድሁ። ከዚያ ወዲህ የነካሁት የለም።»

ወይንእሸት የማሽኑን በር ሳብ አደረገችው። ሳህኑም፣ ብርጭቆውም፣ ማንኪያውም ውሃ ያንጠባጥባል።

«ታጥቦ ያለቀ ዕቃ እንዲህ ነው?»

«እንዲህ ነው። አውጥተን በጨርቅ እንወለውለዋለን። ማሽኑ አርጅቶ ነው» አለች ውበቴ፣ ዓይኗን ወደ መሬት ጥላ።

«ምን ያረጃል፣ ገና አዲስ!» አሉ የሟች ሚስት ወይዘሮ ፈንታነሽ ከበሩ ላይ ሆነው።

ወይንእሸት ሁለቱንም አየቻቸው፤ አንዷ ዋሽታለች። ከዚያ ዕቃውን አንድ በአንድ በጣቷ ትዳስስ ጀመር። እርጥብ። እርጥብ። እርጥብ። ከኋላ ጥግ ላይ የተደፋ አንድ ትልቅ ነጭ ኩባያ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ኩባያው ውስጡም ውጭውም ደረቅ ነው። እጀታው ላይ አንዲት አረንጓዴ የሱፍ ክር ተጣብቃለች።

ኩባያውን በላስቲክ ጠቅልላ ያዘች።

ወይዘሮ ፈንታነሽን ለብቻቸው አነጋገረቻቸው።

«እትዬ፣ ማሽኑ ዕቃ እርጥብ አድርጎ እንደሚያወጣ ማን ያውቃል?»

«የማያውቅ ማን አለ? እንግዳው ሁሉ ይስቅብን የለም! ለደምለው ብቻ ነው ያልነገርነው፣ ለባለቤቴ ወንድም። ማሽኑን ከአዲስ አበባ ያመጣውም ያስገጠመውም እሱ ነዋ። የሻው ደግሞ ‹ተበላሸ ብየ በራሴ አላስቀውም› ብሎ ከለከለን።»

«ከመቼ ወዲህ ነው የተበላሸው?»

«ጾሙ ሲገባ ግድም ነው። ደምለው ቅበላን እዚህ ውሎ ቢቸና ገባ፣ ወዲያው ማሽኑ እምቢ አለ።»

«ወንድማማቾቹ ይስማሙ ነበር?»

ወይዘሮዋ እንባቸውን ጠረጉ። «ሆቴሉን ከፋሲካ በኋላ በስሜ ሊያዞረው ነበር። ደምለው አልወደደውም። ቢሆንም ወንድሙ ነው፤ ምን ይላል?»

ደምለው ከለቀስተኛው መሀል ተቀምጦ ነበር። አረንጓዴ የሱፍ ሻርፕ አንገቱ ላይ ጠምጥሟል፤ ጫማው ያብረቀርቃል።

«መቼ ነው የመጡት?» አለችው።

«ዛሬ ነው፣ ከቢቸና። ከመኪና ስወርድ ጩኸቱ ተቀበለኝ። ይኸው ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ ነው የተቀመጥሁት።»

«መንገዱ እንዴት ነበር?»

«አይ፣ የታወቀ ነው። አቧራ ነው።»

ወይንእሸት የራሷን ጫማ አየች፤ ዱቄት የነሰነሱበት ይመስላል። ቀጥላ እንደ ዋዛ «ያ ማሽን ደህና ይሠራል?» አለችው።

«እንዴታ! እኔ ነኝ እኮ ያመጣሁት። ሳህኑ ሲወጣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የዋለ ነው የሚመስል። ጨርቅ የሚባል ነገር አያሻውም።»

«መልካም ማሽን ነው» አለችና ተነሳች።

ጣቢያ ስትደርስ አብዱልዋሂድ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ጢማቸው የሸበተ፣ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ፔርሙዝዎ ሰው ጓዳ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ረስቸው ነው።»

«ለማን ያመጡት ወተት ነው?»

«ለራሴ።»

«ነገ ገበያ ነው። ልጆችዎ ቤት ናቸው።»

«አውቃለሁ» አሉ። «የሞተ ሰው አደራ ነው፣ ልጄ። አታስለፍልፊኝ።»

ወይንእሸት አጠገባቸው ተቀመጠች። «እንግዲያው እኔ ልናገር። አቶ የሻው ጨጓራ ነበረባቸው። ሐኪም ወተት ጠጡ አላቸው። በሁዳዴ ወተት ቤታቸው ማስገባት አፈሩ፤ እርስዎ በድብቅ ያመጡላቸው ነበር።»

ሽማግሌው አለቀሱ። «ሚስቱ እንኳ አታውቅም። ‹አደራህን፣ ሰው አይስማብኝ› ብሎኛል። ጁምዓ ስሄድ ጓዳው ውስጥ አስቀምጨለት እሄዳለሁ፤ ሁሉም ቅዳሴ ሲሄድ ብቻውን ይጠጣል።»

«ሌላ የሚያውቅ ሰው የለም?»

«ለወንድሙ በስልክ ሲነግረው ሰምቻለሁ።»

«አቶ የሻው ቤት ሻይ ሲጠጡስ ብርጭቆው እንዴት ነበር?»

አብዱልዋሂድ በእንባቸው መሀል ፈገግ አሉ። «ኧረ እጅጌየን አርሶ ጨረሰው! ‹አንተ ሰው፣ ሻዩን ባፌም በእጅጌየም ታጠጣኛለህ› እለው ነበር።»

የቀረው የውበቴ ውሸት ነው። ወይንእሸት ቢቸና ሆቴል ለምትሠራ እህቷ ደወለች።

«ማጠቢያችሁ ዕቃ እርጥብ አርጎ ሲያወጣ ምኑን ነው የምታዩት?»

«ሬሳ አለ ተብለሽ ሄደሽ የምትጠይቂኝ ሳህን ነው? በይ፣ ማሞቂያውን እይ። ማጣሪያውን እይ። ከዚያ በሩ ላይ ትንሽ ክዳን አለች፤ ውሃው ከዕቃው ላይ እንዲንሸራተት የሚያደርግ ፈሳሽ እዚያ ይገባል። እሱ ከሌለ አይደርቅም።»

ማሽኑን አስነስታ ስትከፍተው እንፋሎቱ ፊቷን ገረፈው፤ ማሞቂያው ደህና ነው። ማጣሪያውም ንጹሕ ነው። ትንሿን ክዳን ከፍታ ጣቷን ነከረችና አሸተተች። ተራ ውሃ ነው።

«ውበቴ!»

ሴትዮዋ ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች። «ጾም ሊገባ ነበራ! ፈሳሹ ዕቃው ላይ ይቀራል አሉኝ። ከሞራ ይሁን ከምን ይሠራ ማን ያውቃል? የሰው ጾም ላስገድፍ? ደፍቸ ውሃ ሞላሁበት። ጌታየ እንዳይቆጣኝ ብየ ዝም አልሁ። በቃ፣ እሰሩኝ!»

«ተነሽ» አለቻት ወይንእሸት። «አንድ ሰው አድነሻል፤ አታውቂውም።»

በማግስቱ ማለዳ፣ አስከሬኑ ሳይወጣ፣ ደጁ በሰው ተሞላ። ወጣቶቹ ዱላ ይዘው ያጉረመርማሉ። ወይንእሸት ፈንታነሽን፣ ውበቴንና ደምለውን አዳራሹ ውስጥ አስቀመጠች። አብዱልዋሂድን ሳጅኑ በጓሮ በር አስገባቸው። ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«አቶ የሻው ለሕመማቸው ወተት ይጠጡ ነበር። እትዬ፣ አይዘኑባቸው፤ ሐኪም ነው ያዘዛቸው። ወተቱ ንጹሕ ነበር፣ ድመቷ ምስክር ናት። መርዙ የገባው ኩባያው ውስጥ ነው። ገዳዩ ጨጓራቸው ገደላቸው እንዲባል ፈለገ። ስለዚህ ንጹሑን ፔርሙዝ ትቶ ኩባያውን አጠበ፤ በጥድፊያ ሌላውን ሳይዳስስ የታጠበ ዕቃ መሀል ደበቀው።»

«ያ የወተት ኩባያ? እኔ የጾም ዕቃ ከማጥብበት ውስጥ?» አለች ውበቴ፣ ሁሉንም ረስታ።

«ዝም በይ፣ ውበቴ። ሳይደብቀው በፊት ግን በደንብ አድርቆታል። ለምን? ሌላውም ዕቃ ደረቅ መስሎት ነዋ። በዚህ ቤት ዕቃ እርጥብ እንደሚወጣ ፈንታነሽ ያውቃሉ። ውበቴ ታውቃለች። ጋሼ አብዱልዋሂድ እጅጌያቸው ያውቃል። ከእነሱ አንዱ ቢሆን ኩባያውን ከነውሃው ይደፋው ነበር። ማሽኑ ዕቃ እርጥብ ማውጣት የጀመረው ከጾም ወዲህ ነው። ስለ ወተቱ እያወቀ፣ ስለ ማሽኑ የማያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነው።»

የሁሉም ዓይን ደምለው ላይ አረፈ።

«እኔ ትናንት መንገድ ላይ ነበርሁ!» አለ።

«ያን መንገድ እኔም ትናንት መጥቸበታለሁ። አንተ ፊቴን ሳልታጠብ ያልኸኝ፣ ጫማህ መስታወት ነበር። ቀድመህ ነው የገባኸው። ጨርቅ አጥተህ ኩባያውን በሻርፕህ ወለወልኸው፤ ክሩ ይኸውና።»

ደምለው ሻርፑን በሁለት እጁ ጨበጠ። ኩባያውን ትክ ብሎ አየው።

«ያደርቅ ነበር እኮ…» አለ በቀስታ። «እኔ ስሄድ ያደርቅ ነበር።»

ፈንታነሽ ጮኹ። ሳጅኑ ካቴናውን አወጣ።

አብዱልዋሂድ የወይንእሸትን ክንድ ያዙ። «የወተቱን ነገር ደጅ አታውጭው፣ ልጄ። ፍርድ ቤት ይስማው፤ ገበያ ግን አይስማው።»

እሷ በሩን ከፈተች። ሕዝቡ ደምለውን በካቴና ሲያየው ወደ ኋላ ሸሸ።

«ወንድማቸው ነው የገደላቸው» አለች፤ ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመረችም።

ቃሬዛው ሲነሳ ግን የፊተኛውን ጫፍ የሚይዝ ወንድም አልነበረም። ወይዘሮ ፈንታነሽ ሁሉም እየሰማቸው «አብዱልዋሂድ፣ ወንድምህን አንሳው እንጂ!» አሉ።

ዱላ ይዘው የመጡት ወጣቶች ግራና ቀኝ ተከፈሉ። ሽማግሌው እጅጌያቸውን ሰብስበው ጎንበስ አሉ፤ ቃሬዛውንም ትከሻቸው ላይ አደረጉት።