ራሱን የሚዘጋው በር

በሩ እንደገና ተረከዟን ሲመታት ማርኒ ትዕግሥቷ አለቀ። እርጥብ ቅጠል የታጨቀ ከረጢት በሁለት እጇ ታቅፋ በወጣች ቁጥር የመዋኛ ገንዳው አጥር በር ከኋላዋ ቀጭ ብሎ ይዘጋል። መቀርቀሪያው ደግሞ ትንንሽ ልጆች እንዳይደርሱበት አናቱ ላይ ነው ያለው፤ ለመመለስ ሁሌ መንጠራራት ነው። የውሃ ማጽጃውን የክሎሪን ባልዲ ጎተተችና በሩ ሥር ደቀነችው። በሩ ተከፍቶ ቀረ። እፎይ አለች።

ከሰዓት በኋላ ጓደኞቿ ይመጣሉ። አሥራ አምስት ዓመት የምትሞላበት ቀን ነው፤ የበጋውም የመጀመሪያ ዋና። የፐርዝ ከተማ ፀሐይ ገና በጠዋቱ አናት ይበሳል። ለዚህች ቀን ስትል ማርኒ የገንዳው አሽከር ሆና ነው የከረመችው። አባቷ ግሌን ራቅ ያለ ማዕድን ማውጫ ስለሚሠራ ቤት የሚመጣው የእረፍት ተራው ሲደርስ ብቻ ነው፤ በልግ ላይ የቅጠል መልቀሚያውን መረብ አስጨብጧት ሄደ። ከዚያ የጎረቤት ዛፍ ቅጠሉን ሁሉ አራገፈባት። በሐምሌ ዝናብ የገንዳው መሸፈኛ ላይ የተኛውን ውሃ ጣቷ እስኪደነዝዝ ቀዳች። መስከረም ጠባ ስትል የአበባ ብናኝ ማጣሪያውን ደፈነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ማዕበል መጥቶ ውሃው እንደ ጎመን ቅቅል አረንጓዴ ሆነ፤ ግድግዳውን ስትፍቅ፣ ክሎሪን ስትጨምር፣ ፓምፑን ስታሠራ ሰነበተች። አሁን ወለሉ ላይ ያለው ሸክላ እንኳ አንድ በአንድ ይታያል።

ግሌን ሲያስረክባት አንድ ነገር ብቻ ነበር ያስጠነቀቃት። «ውሃው ቢበላሽ እናክመዋለን። በሩን በሆነ ነገር ደግፈሽ ያገኘሁሽ ቀን ግን ገንዳውን አፈር ሞልቼ ቲማቲም እተክልበታለሁ።» ሲናገር አልሳቀም። ማርኒም እንደሚያደርገው ታውቃለች።

ከረጢቱን መንገድ ዳር ጥላ ስትመለስ ጓደኛዋ ብሪ ፊኛዎች ይዛ ቀድማ መጣች። ብሪ ወሬ ከጀመረች ማቆሚያ የላትም፤ ማን እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚቀር እያወሩ ቆሙ። የማርኒ እናት ለጥብሱ ቋሊማ ልትገዛ ወጥታለች። ማርኒ ወደ ጓሮ ስትዞር ክው አለች።

የጎረቤታቸው የጆ ልጅ፣ ገና ሁለት ዓመት የሆነው አርቺ፣ ገንዳው ደረጃ ላይ ቆሟል። ውሃው ደረቱ ደርሷል። ክሎሪን የሚሟሟባት ቢጫ የፕላስቲክ ዳክዬ ወዲያ ወዲህ ስትንሳፈፍ እሷን ለመያዝ እጁን ዘርግቶ፣ አንድ እግሩን ከደረጃው አንስቷል። ማርኒ እንዴት እንደደረሰች አታውቅም፤ ብብቱን ይዛ መንጭቃ አወጣችው። አርቺ ዳክዬዬን ብሎ አለቀሰ።

አቅፋው ወደ ቤቱ ፊት ለፊት ስትወጣ ጆ ያልተሰጣ ልብስ በትከሻዋ እንዳንጠለጠለች እየሮጠች መጣች።

«መንገድ ላይ አገኘሽው? የአትክልት ቧንቧውን ከፍቶ ደግሞ በስብሶልሻል! አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር፣ የኔ ቆንጆ?»

ማርኒ አርቺን አቀበለቻት።

«አዎ፣ እዚሁ መንገድ ዳር ነበር» አለች ብሪ ፈጠን ብላ።

ጆ ማርኒን ሁለት ጊዜ ሳመቻት። ትንሽ ቆይታም ለልደትሽ ብላ ኮኮናት የተነሰነሰበት ኬክ በሳህን አምጥታ ሄደች።

«አታካብጂ በቃ» አለች ብሪ። «ልጁ ምን ሆነ? ምንም። ካወራሽ ግን ልደቱም ገንዳውም ቻው ነው።»

ማርኒ ባልዲውን ወደ ቦታው መለሰችው። ከዚያ በሩን ገፋ አድርጋ ለቀቀችው፤ ተዘጋ። ደግማ ለቀቀችው። ልጆቹ መጥተው ውሃው ውስጥ ሲንጫጩም መቀመጥ አቃታት፤ ትነሳለች፣ ፎጣ ታጥፋለች፣ በሩ ቀጭ ባለ ቁጥር ትደነግጣለች። ነይ ግቢ እያሉ ውሃ ረጩባት፤ በኋላ ብላ አሳበበች። ከጆ ኬክ አንዴ ጎርሳ ሳህኑን ገፋችው። እንዲያ የደከመችበት ውሃ አስጠላት።

እናቷ ስልኳን ዘርግታ ከቤት ወጣች፤ ግሌን በቪዲዮ ደውሎ ነበር። መልካም ልደት ካላት በኋላ ውሃውን አሳዪኝ አለ። ማርኒ ስልኩን አዞረችለት።

«አቤት፣ መስታወት አስመስለሽዋል እኮ! ከኔ በላይ ሆነሻል» አለና ሳቀ። ከዚያ እንደ ልማዱ ጠየቀ። «በሩስ?»

ማርኒ ወደ በሩ ሄደች። ብሪ ከውሃው ውስጥ ራሷን ግራ ቀኝ ነቀነቀችባት። ማርኒ አየቻት፣ ግን አልቆመችም። በሩን ከፍታ ባልዲውን በእግሯ እየገፋች አመጣችና ጠዋት የነበረበት ቦታ ላይ ደቀነችው። ስልኩን ወደዚያ አዞረች።

«ጠዋት እንዲህ ነበር» አለች። «እኔ ነኝ። አርቺ ገብቶ ነበር።»

የአባቷ ሳቅ ጠፋ። እናቷም ባለችበት ደርቃ ቀረች።

«ልጁስ?» አለ ግሌን።

«ደህና ነው። አወጣሁት።»

«ጆ ታውቃለች?»

«መንገድ ላይ ያገኘሁት መስሏታል። ኬክ ሰጠችኝ።» ይህን ስትል እንባዋ መጣ።

ግሌን ስለ አፈርም ስለ ቲማቲምም አላነሳም። ባልዲውን አንሺ አላት ብቻ። አነሳችው። ስልኩን ለእናቷ ሰጥታ፣ የጆን ሳህን ከጠረጴዛው ላይ ወስዳ ወጣች። በሩ ከኋላዋ ራሱን ዘጋ።

የጆ ደጃፍ ላይ ስትደርስ አርቺ ከውስጥ «ዳክዬ! ዳክዬ!» እያለ ሲጮኽ ሰማችው፤ ጆም ደጋግማ የቱ ዳክዬ እያለች ትጠይቀዋለች። ማርኒ እንባዋን በክንዷ ጠረገችና ደወሉን ተጫነች።